ሩላ፦ ሁለት አያቶች የተካፈሉት ስም

ጥጡ ገና ከማሳ ሳይነሣ ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ከካርዲትሳ ከተማ፣ ከአቴና፣ ከባሕር ማዶ ከካርፓቶስም ሳይቀር መጥታችሁ፣ በዚህች በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን እኅታችንን ለመሸኘት የቆማችሁ ወገኖች፤ አሁን የሚነበብላችሁ የወይዘሮ ስታቭሩላ ዜና ሕይወት ነው። ከእናንተ ብዙዎቹ «ስታቭሩላ ደግሞ ማን ናት?» ብላችሁ ጎረቤታችሁን በክርን መጎሸማችሁ አይቀርምና አስቀድሞ ይነገራችሁ፤ ሟቿ ሩላ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሩላ ሲባሉ የኖሩት፣ እዚህ ከቆማችሁት ወጣቶች ግማሾቻችሁን በእጃቸው ተቀብለው ወደዚህ ዓለም ያስገቧችሁ ሩላ።

የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ላምብሮስ ነው። ሟቿ ምን እንዲነበብና በምን ተራ እንዲነበብ በሕይወት ሳሉ ራሳቸው አዝዘዋል፤ «እንዳታሳምረው ላምብሮስ! ካሳመርከው ማንን እንደቀበሩ ሳያውቁ ወደየቤታቸው ይገባሉ» ብለው አስጠንቅቀዋልና፣ አንባቢው ማሳመር ቢያምረውም እንኳ ፈቃድ የለውም።

ወይዘሮ ሩላ ከአባታቸው ከአቶ ቲሚዮስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሊዮፒ እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዚሁ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የዚህ የቴሳሊያ ሜዳ የጥጥ ገበሬ ልጅ ሲሆኑ፣ ለውትድርና ወደ ካርፓቶስ ደሴት በተላኩ ጊዜ ለጦር ሰፈሩ ዳቦ ይጋግሩ የነበሩትን ካሊዮፒን አይተው፣ ዳቦውን ከሚገባቸው በላይ እየበሉ ወራት ቆይተው፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ልከው አግብተው ወደዚህ ያመጡ ናቸው። በዚያን ጊዜ የመንደሩ ሰው «የባሕርና የሜዳ ሰው ምን አገናኘው?» እያለ ጠብ ቢጠብቅም፣ ባልና ሚስቱ በባሕሩም በሜዳውም ሳይጣሉ፣ ጠቡ ከማይጠበቅበት በኩል፣ ከሴት ልጅ ስም መጣ።

በእኛ በሜዳዎቹ ዘንድ የመጀመሪያዪቱ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ታነሣለች፤ ይህንን የሚጠራጠር ሰው ከዚህ መንደር አልተወለደም። በካርፓቶስ ደግሞ የመጀመሪያዪቱ ሴት ልጅ የእናቷን እናት ስም ታነሣለች፣ ከስሙም ጋር ቤቱን ትረከባለች። የወይዘሮ ካሊዮፒ እናት አርጊሮ ይባሉ ነበር፤ የአርጊሮ እናት ካሊዮፒ ነበሩ፤ የእኒያ ካሊዮፒ እናትም አርጊሮ፤ እንዲህ ካሊዮፒ ለአርጊሮ፣ አርጊሮ ለካሊዮፒ ቤቱንና ስሙን እያስረከቡ ማንም እስከማያስታውሰው ዘመን ድረስ ይወርዳሉ። በሁለቱም አገር ግን አንድ ነገር የጋራ ነው፤ ስሟ ያልተነሣላት አያት በቁሟ እንደ ሞተች ትቆጠራለች፤ ሰው ሁሉ ያዝንላታል፣ እሷም ማንም ፊት ቀና አትልም።

ሩላ በተወለዱ ዕለት የአባታቸው እናት እማማ ስታቭሩላ ከአራሷ አልጋ ራስጌ ቁጭ ብለው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ በይ ስታቭሩላዬን አቀብይኝ» አሉ። በሳምንቱ ደግሞ ከደሴቲቱ የመጣ አንድ መርከበኛ ከእማማ አርጊሮ ቃል ይዞ ደረሰ፤ «ቤቱን በኖራ አስለቅልቄዋለሁ፤ አርጊሮዬ መቼ ነው የምትመጣው?» የሚል። ወይዘሮ ካሊዮፒ ያን ጊዜ ገና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ በአማታቸው ጣሪያ ሥር የሚኖሩ፣ አነጋገራቸው የደሴት ነው እየተባለ የሚሳቅባቸው ነበሩ። አማታቸውን ቢያስቀይሙ መግቢያ የላቸውም፤ እናታቸውን ቢያስቀይሙ መመለሻ የላቸውም።

ሕፃን እስኪጠመቅ ድረስ እንደምታውቁት ስም የለውም፣ ቤባ ይባላል፤ ወይዘሮ ካሊዮፒም ይህችን የቤባነት ጊዜ መላ መፈለጊያ አደረጓት። የሽንት ጨርቅ በሚያጥቡበት ገንዳ አጠገብ ብቻቸውን ሆነው ስሞቹን እያገላበጡ ማቆላመጥ ጀመሩ። ስታቭሪትሳ ቢሉ አማቲቱን ብቻ ያስደስታል፤ አርጊሮን አሳጥረው ኢሮ ቢሉ እናታቸውን ብቻ ያስደስታል። እኛ አገር ግን ስም ሲቆላመጥ ጅራት ይቀጠልለታል፣ ጆሮ ከለመደው በኋላም ራሱ ተጥሎ ጅራቱ ብቻ ይጠራል፤ እንዲህ ሲሆን ስታቭሩላም ሩላ ይሆናል፣ አርጊሩላም ሩላ ይሆናል። ይህን ያገኙ ዕለት ወይዘሮ ካሊዮፒ እጃቸው ሳሙና እንደሆነ ወደ ቤት ሮጠው ልጃቸውን ከአልጋ አንሥተው «ሩላ! የኔ ሩላ!» ብለው ቢጣሩ፣ አማቲቱ ከጓዳ ሆነው «እሰይ! ስሜን ጀመረችልኝ» አሉ።

አባታችን ነገሩ ሲገባቸው ደስ አላላቸውም። «ካሊዮፒ፣ ሁለት ሐብሐብ በአንድ ብብት አይያዝም» ቢሏቸው፣ «አንተ ዝም ብለህ ጥጥህን ልቀም፤ የምይዘው እኔ ነኝ» አሏቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ሐብሐቦቹን እንድትይዝ የተደረገችው በአልጋው ላይ እግሯን የምታወራጨው ልጅ ነበረች፤ እሷን ያማከረ አልነበረም።

ጥምቀቱ በየካቲት ሆነ፤ ባሕሩ ስለታወከ መርከብ አልተነሣም፣ እማማ አርጊሮም መምጣት አልቻሉም። የክርስትና እናቷን የመረጡት እማማ ስታቭሩላ ነበሩና የተጠራው ስም የማን እንደሚሆን ማንም አልተጠራጠረም። እንደ ዱሮው ደንብ እናትየው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳይገቡ በደጃፉ ቆመው ሲጠብቁ፣ የመንደሩ ልጆች እየተሽቀዳደሙ ወጥተው «ስታቭሩላ! ስታቭሩላ ተባለች!» ብለው አበሠሯቸው፤ እሳቸውም ከረሜላውን በትነው፣ ያንኑ ሰሞን ወደ ደሴቲቱ «ሩላ ብለናታል፤ እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ቃል ላኩ። እማማ አርጊሮ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ፍየል አርደው ሰፈሩን ጋበዙ። በዚያ ግብዣ ላይ ሰው ሁሉ የጠጣው ለአርጊሮ ጤና ነበር፤ ያች አርጊሮ ግን በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አልተጠመቀችም።

ሩላ ከፍ ካሉ በኋላ በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሜዳው በሙቀት ሲነድድ፣ ከእናታቸው ጋር በመርከብ ወደ ደሴቲቱ ይሻገሩ ነበር። እናታቸው በመርከቡ ወለል ላይ የልጃቸውን ፀጉር እየጎነጎኑ፣ «እዚያ በምንም ቢጠሩሽ አቤት በይ፤ አንቺ ግን ስምሽን ስትጠየቂ ሩላ፣ አለቀ፤ እዚያ ላይ አንዲት ነገር እንዳትጨምሪ» እያሉ ያስጠኗቸዋል። እኛ ልደት የማናከብር፣ የስም በዓል የምናከብር ሕዝብ ነን፤ በሐምሌ መጀመሪያ፣ የአርጊሮ ስም በዓል በሆነው በቆዝሞስና በድምያኖስ ዕለት እማማ አርጊሮ በራቸውን ከፍተው እንግዳው ሁሉ እየገባ «አርጊሮ፣ ሺህ ዓመት ኑሪ» እያለ ሩላን ይስማቸዋል፤ በመስከረም ደግሞ፣ የስታቭሩላ ስም በዓል በሆነው በመስቀል ዕለት፣ እዚህ ያው ይደገማል፣ «ስታቭሩላ፣ ሺህ ዓመት ኑሪ» እየተባለ። እኛ ታናናሾቻቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ኬክ የሚቆረጥላት እኅታችን ላይ እንቀና ነበር። እሳቸው ግን በሁለቱም ዕለት ኬኩን ሳይነኩ ለእኛ ያተርፉልን ነበር፤ እኛም ምክንያቱን ሳንጠይቅ በላን።

በሰባት ዓመታቸው የሆነውን ነገር እስኪሞቱ ድረስ አልረሱትም። የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ነበር፤ እማማ አርጊሮ የልጅ ልጃቸውን ነጭ አልብሰው፣ ትከሻዋን ይዘው ለቁርባን አሰለፏት። ቄሱ እንደ ደንቡ ስም ጠርተው ነው የሚያቆርቡት። «ስምሽ?» አሉ። «ሩላ» አለች ልጅቱ። «ሩላ የምትባል ቅድስት አላውቅም፤ የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ» አሉ ቄሱ። ከኋላ የአያቷ እጅ ትከሻዋን ጠበቅ አደረገው፤ «ንገሪያቸው እንጂ የኔ ዓለም፣ ምን ያሳፍርሻል?» አሉ በኩራት። «አርጊሮ» አለች። ቄሱም «የእግዚአብሔር ባሪያ አርጊሮ ቅዱሱን ሥጋና ክቡር ደሙን ትቀበላለች» ብለው አቆረቧት።

ሩላ ያን ዕለት ማታ እናታቸውን ጓሮ ጠርተው በሌላ ሰው ስም መቁረባቸውን አልቅሰው ነገሯቸው። እናታቸውም ደንግጠው፣ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ «እግዚአብሔር ያውቅሻል፣ አታልቅሺ» ቢሏቸው፣ ሩላ «በየትኛው ነው የሚያውቀኝ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የፍልሰታ ዕለት ሲደርስ ሩላ ሳያማቸው አሞኛል እያሉ ይተኙ ነበር፤ እማማ አርጊሮም «ይቺን ልጅ በዓል ሲደርስ የሚያማት ቡዳ በልቷት ነው» ብለው ያስጸልዩላቸው ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ መንደር፣ ሁለተኛ ደረጃውን በካርዲትሳ ተምረው፣ በተሰሎንቄ ከተማ አዋላጅነት አጥንተው በጥሩ ውጤት ተመረቁ፤ ከዚያም በካርዲትሳ በማዋለጃ ክፍል ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በትጋትና በቅንነት አገለገሉ። በትምህርት ቤት መምህሩ «ስታቭሩላ!» ብለው ሲጣሩ እሳቸውም ከሌሎቹ ልጆች ጋር አብረው ዞረው ማን እንደ ተጠራ ያዩ እንደ ነበር አብረዋቸው የተማሩት ይመሰክራሉ። በሥራቸውም አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሰው ሁሉ አራስ ሲጠይቅ አስቀድሞ «ማን ልትሏት ነው?» ሲል፣ እሳቸው ይህን አንድም ቀን አልጠየቁም። አያቶች በአራስ አልጋ ዙሪያ በስም ሲጨቃጨቁ ካገኙ ግን፣ «ጠባችሁን ዛሬ እዚሁ ጨርሱት፣ ለልጅቷ አታውርሷት፤ ካልጨረሳችሁ በሩ በዚያ በኩል ነው» ይሉ ነበር። ከመካከላችሁ በእሳቸው ከክፍሉ የተባረራችሁ አያቶች አላችሁ፤ ዛሬ ይቅር በሏቸው።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው የአውቶቡስ ሾፌር ከሆኑት ከአቶ ስታቲስ ጋር ተጫጩ። እማማ አርጊሮ ባሕር የሚፈሩ ሴት ነበሩና ማንም ይመጣሉ ብሎ አልጠበቀም፤ ይሁንና «ስሜ ሲዳር ካልሄድኩ መቼ ልሄድ ነው!» ብለው የደሴቲቱን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሲያስመልሳቸው አድረው ሲያስመልሳቸው ውለው መጡ። ሙሽራዪቱ እናታቸውን «እማ፣ ዛሬውኑ ንገሪያት፣ እኔ እነግራታለሁ፣ ወይ አንድ ነገር እናድርግ» ብለው ቢለምኑ፣ እናታቸው «በሠርግሽ ዋዜማ ልትገድያት ነው? ቄሱን እናናግር» አሉ። ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲሉት ቢለመኑ ግን ቄሱ እምቢ አሉ። «ልጄ፣ ተክሊል የሹክሹክታ ጸሎት አይደለም፤ በተጠመቅሽበት ስም ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የማጋባሽ» አሏቸው።

እንደ ደንቡም የእግዚአብሔር ባሪያ ስታቲስ ለእግዚአብሔር ባሪያ ለስታቭሩላ ተብሎ፣ ያውም ሦስት ጊዜ፣ ያውም በዜማ ተጠራ። በመጀመሪያው እማማ አርጊሮ ቄሱ የተሳሳቱ መስሏቸው በዙሪያቸው ያለውን ሰው ፈገግ ብለው አዩ። በሁለተኛው ወደ ልጃቸው ወደ ካሊዮፒ ዞሩ፤ ካሊዮፒ ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር። በሦስተኛው፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡት እማማ ስታቭሩላ በደስታ ሲያለቅሱ ተሰሙ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰው በሙሽሮቹ ላይ ሩዝ እየበተነ፣ ሙዚቀኛው ክላሪኔቱን እየነፋ፣ እማማ አርጊሮ ልጃቸውን በክንዳቸው ያዝ አድርገው በዝግታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «የማን ሠርግ ላይ ነው የመጣሁት?»

ድግሱን ተቀምጠው በሉ፤ ሙሽራውን መረቁ፤ ሙሽራዪቱን ግን ቀና ብለው አላዩም። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይሸኛቸው ሄዱ። እማማ ስታቭሩላ በበኩላቸው ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን አጨብጭበው፣ «ድሮስ የኔ መሆኗን ማን አጣው! ሞኝ ሴትዮ!» አሉ፤ ይህም በመንደሩ ሦስት ዓመት ተሳቀበት። ሳቁ ለወይዘሮ ሩላ በዳቦ ውስጥ እንደ ገባ አሸዋ ሆነባቸው፤ ስሙን የሰጧቸው አያት በሳቁ ቁጥር፣ የተታለሉት አያት ይታዩዋቸው ነበር።

በተከታዩ ክረምት ወይዘሮ ሩላ ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻቸውን ተሻገሩ። ልጅ ሆነው በባዶ እግራቸው እየሮጡ የሚገቡበትን በር አንኳኩ። እማማ አርጊሮ በሩን ከፈቱ፤ አልተቆጡም፤ ከእንግዳ ክፍል አስገብተው፣ ለባዕድ እንደሚደረገው በብር ትሪ የብርቱካን ማርመላታና ቀዝቃዛ ውኃ አቅርበው፣ «ይቀመጡ ወይዘሮ ስታቭሩላ፤ ባሕሩ አላስቸገረዎትም?» አሏቸው። ወይዘሮ ሩላ ተንበርክከው «እማማ፣ አንቺ በይኝ፤ ስደቢኝ፣ ምቺኝ፣ ግን አንቺ በይኝ» ብለው ለመኑ። «ኧረ ይነሡ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» አሉ እማማ አርጊሮ። ወይዘሮ ሩላ በሕይወታቸው ከሰሟቸው ስድቦች ሁሉ ያን አንቱታ የሚያህል አላጋጠማቸውም። ቢሆንም በየዓመቱ መሄዳቸውን አላቋረጡም፤ በየዓመቱም ማርመላታውና ውኃው ይቀርብላቸው ነበር።

ከአቶ ስታቲስ ጋር ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። የመጀመሪያዪቱ፣ በባላቸው እናት ስም፣ ያለ አንዳች ክርክር ቫሲሊኪ ተባለች። ሁለተኛዋ ስትወለድ ተራው የእናታችን የወይዘሮ ካሊዮፒ ነበር፤ በሜዳውም በባሕሩም ሕግ የሚያከራክር አልነበረም። እናታችንም የጥምቀቱን ልብስ በገዛ እጃቸው ሰፍተው፣ ለእንግዳ የሚታደለውን ለውዝ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው፣ ጎረቤቱም ገና ከዋዜማው «ስምሽ ይባረክልሽ» እያለ ሲስማቸው ሰነበተ። በጥምቀቱ ዕለት ዱሮ ደጅ ያስቆማቸው ደንብ ቀርቶ ስለ ነበር ከገንዳው አጠገብ ቆመዋል። ቄሱ ስሟን ሲጠይቁ የክርስትና አባቷ፣ ወይዘሮ ሩላ በምስጢር እንዳዘዙት፣ «አርጊሮ» አለ።

ይህ በቤታችን ሲነገር የኖረ ነገር አይደለም፤ ሟቿ ይነገር ስላሉ ነው የሚነገረው። ወይዘሮ ሩላ የአያታቸውን ዕዳ የከፈሉት ከእናታቸው ጉሮሮ ነጥቀው ነበር፤ ያንንም የእናታቸውን ፊት እያዩ አደረጉት። እናታችን አልጮኹም። «ደግ አደረግሽ፤ እናቴ ደስ ይላታል» አሉና የሰፉትን ልብስ ራሳቸው አልብሰዋት ወጡ፤ የቋጠሩትን ለውዝ ለእንግዳው ሁሉ በእጃቸው አደሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያሳደጓትን፣ ያዘሏትን፣ ትምህርት ቤት ያመላለሷትን የልጅ ልጃቸውን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «ልጄ» ብቻ ይሏታል፣ እስከ ዛሬም «ልጄ» ናት።

ወይዘሮ ሩላ ሕፃኗን ይዘው ወደ ደሴቲቱ በተሻገሩ ጊዜ እማማ አርጊሮ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «እሷንስ ማን ትሏታላችሁ? ሩላ?» ብለው አላገጡ። አርጊሮ መባሏ ቢነገራቸውም አላመኑም፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ምን ይፈረድበታል! የፍልሰታ ዕለት ሕፃኗን ራሳቸው ታቅፈው ለቁርባን ቀረቡና ጆሯቸውን ወደ ቄሱ አዘነበሉ፤ ያመኑትም እናትየው «አርጊሮ» ብለው ሲናገሩ ሳይሆን፣ ቄሱ «የእግዚአብሔር ባሪያ አርጊሮ» ብለው ሲያቆርቡ ሲሰሙ ነው። ያን ጊዜ ሕፃኗን ግንባሯን ስመው፣ ወደ ወይዘሮ ሩላ ዞረው፣ «እሷ የኔ ናት፤ እርስዎም እናቷ ነዎትና ቤቱ ቤትዎ ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ሩላ «አንቺ» መባልን እየጠበቁ ሰባት ክረምት ተመላለሱ፤ እማማ አርጊሮ ግን አንቱ እንዳሉ ሞቱ። ቤቱን አስቀድመው ለእናታችን ታናሽ እኅት ልጅ አውርሰውት ነበርና ከስሙ ተለይቶ ቀረ።

እነሆ ባለፈው ዓመት በዚሁ ወራት ወይዘሮ ሩላን ክፉው በሽታ ያዛቸው። ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ባለቤታቸው አቶ ስታቲስና ልጆቻቸው ሌት ተቀን አስታመዋቸዋል። በዚያው ዓመት፣ ለብዙ ጊዜ ልጅ ተመኝታ ያጣችው ሁለተኛዋ ልጃቸው አርጊሮ ፀነሰች፤ በነሐሴ መጨረሻም ሴት ልጅ ተገላገለች። የባሏ እናት ስማቸው በሌላ የልጅ ልጅ ቀድሞ ተነሥቶላቸዋልና፣ ቫሲሊኪም ያላት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸውና፣ ይህች ሕፃን የወይዘሮ ሩላ ስም ብቸኛ ተስፋ ነበረች።

ከመውለዷ በፊት አርጊሮ በሆስፒታሉ አልጋ ጠርዝ ተቀምጣ፣ «እማ፣ ሴት ከሆነች ስታቭሩላ ነው የምንላት፤ ተስማምተናል» አለቻቸው። አንባቢው በዚያ ክፍል ነበር። ወይዘሮ ሩላ «አይሆንም» አሉ። «ሩላ ብለን እናቆላምጣታለን፣ ባንቺው…» ብትል፣ «ሩላ በሏትና ከመቃብሬ ባልነሣ!» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ ያማቸው ነበር። «ታዲያ ያንቺ ስም በማን ይነሣ?» ብላ አርጊሮ አለቀሰች። «አይነሣ። እኔን ዝለሉኝ» አሉ። ቀጥለውም የሚሰጣትን ስም ነገሯት። «ለእሷስ ማን ይንገራት?» ብላ ብትጠይቅ፣ «እኔ ብነግራት ለምን ትለኛለች፣ ከዚያ የድሮውን ማንሣት ነው፣ ሁለታችንም አቅም የለንም። ያዋረድኳት በቤተ ክርስቲያን ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ይመለስላት። ጥምቀቱ እስኪደርስ አትደርስም ብዬ እፈራለሁና፣ እኔን ስትሸኙ ላምብሮስ ተራው ሲደርስ ያንብበው» አሉ።

ወይዘሮ ስታቭሩላ ባለፈው ሐሙስ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ ስታቲስን፤ ሁለት ወንድሞቻቸውን፤ ልጃቸውን ቫሲሊኪንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን፤ ከወለደች አርባ ቀን ስላልሞላት እዚህ ልትገባ ያልቻለችውን፣ እናቷን ከአጥሩ በር ቆማ የተሰናበተችውን ልጃቸውን አርጊሮን፤ እዚህ ከሬሳ ሣጥኑ ራስጌ የተቀመጡትን፣ ልጅ ለመቅበር የበቁትን የሰማንያ ሰባት ዓመት እናታቸውን ወይዘሮ ካሊዮፒን፤ እንዲሁም ገና ያልተጠመቀችውን፣ ዛሬ በሞቀ ቤት ተኝታ ያለችውን፣ በፈቃዳቸውና በቃላቸው የሰየሟትን የልጅ ልጃቸውን ካሊዮፒን ትተዋል።

እናታችን፣ በትክክል ሰምተዋል፤ ድጋሚ ይነበባል፦ ካሊዮፒን።

የሕያዋንና የሙታን አምላክ የባሪያውን የስታቭሩላን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ የበደሉትን ይቅር ይበላቸው፣ የበደሏቸውንም። ቀባሪዎች ሁሉ ከጸሎቱ በኋላ ንፍሮ እንድትቀምሱ በቤተሰቡ ስም ትለመናላችሁ። ለእናታችንም ከጥምቀቱ ዕለት የሚያደርሳቸውን ዕድሜ እንዲሰጥልን ሁላችሁ ለምኑልን።